ከአያያዝ ይቀደዳል

አቃቂ ቃሊቲ፣ ግንቦት 28 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለነቢል፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አክስትህ ሐጀራ፣ እናትህ ዙለይኻ፣ ጎረቤቱም ሁሉ ካንተ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። ከረባቱን ያየ ሁሉ «ይሄማ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል» ይላል፤ እናትህም አላስተባበለችም። «ልጄ እንግሊዝ አገር ቢሮ ነው የሚሠራው» ስትል ድምጿ እስከ ማረሚያ ቤቱ በር ይሰማል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሹራብ ማሽኔ ተሰበረች። ግራና ቀኝ እየገፋን ክሩን የምናስገባበት፣ እኛ ጋሪ የምንለው ክፍል አለ፤ እሱ ነው የተሰነጠቀው። አንድ በያጅ በየደልኝና ሁለት ቀን ሠርታ እንደገና ለሁለት ተከፈለች። ምናለሽ ተራን ከዳር እስከ ዳር አዳርሼዋለሁ፤ የሰው ሁሉ ማሽን አለ፣ የኔን ዓይነት ግን አየሁ የሚል ጠፋ።

ሱቄን ታውቃታለህ። ክረምት ሲገባ እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ሹራብ ሳይገዛ አያልፍም። ዘንድሮ ግን ከዚያ የበለጠ ነገር መጣልኝ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ አሰለፈች ለአንደኛ ክፍል ልጆች ዘጠና ሰማያዊ ሹራብ አዘዘችኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አግኝቼ አላውቅም። ትምህርት ሲከፈት የመጀመሪያውን ሠላሳ ካስረከብኩ ቀሪውም፣ የየዓመቱም የኔ ነው። ካላስረከብኩ ደግሞ የቻይና ሹራብ የሚያመጣ ነጋዴ በሯ ላይ ቆሟል።

ስለዚህ ይህችን ጋሪ ፈልግልኝ። ሆዷ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ወረቀት አልብሼ በእርሳስ አሽቼዋለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር አለ። የወጣውን ለእናትህ በብር እሰጣታለሁ፤ አንተ ለሷ ከምትልከው ታወራርደዋለህ። ስልክ አትደውልልኝ። ካርድህ እያለቀ ግማሽ ግማሹን ነው የምሰማው። ደብዳቤ ግን ተመልሶ ይነበባል፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝ ሰዎችም አይከስሩ።

አላህ ይጠብቅህ። አክስትህ ሐጀራ።


ሌስተር፣ ሰኔ 15 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለእቴቴ ሐጀራ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ከቤትዎ በረካ አያጉድል። እኔ ከናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

እቴቴ፣ ጋሪዋን አየኋት። ሌላውን ወሬ ኋላ እጽፋለሁ፤ በዚህ ካልጀመርኩ አልችልም። እዚህ የኢንተርኔት ጨረታ የሚባል ነገር አለ። ሰዉ ጓዳው ውስጥ የተረፈውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ ያወጣዋል፤ ያየው ሁሉ ዋጋ ይሰጥበታል። ቀኑ ሲሞላ ሰዓቷ ላይ ከፍተኛ ዋጋ የሰጠ ይወስዳል። ሰፈሬ ካለው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የእርሳሱን ቁጥር ጻፍኩት፤ ጋሪዋ ራሷ ፊቴ ላይ ወጣች። ሳላስበው ከወንበሬ ተነስቼ ኖሮ የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ተቀመጥ አለችኝ።

ዋጋዋ ስንት ነው ቢሉኝ አንድ ፓውንድ። አዎ፣ አንድ። ግን ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ «ሺፒንግ ኤንድ ሃንድሊንግ ሠላሳ ስምንት ፓውንድ» ይላል። ሺፒንግ ማለት መላኪያው ነው። ሃንድሊንግ የሚሉት ደግሞ ከዚያ ጋር አብሮ የሚከፈል ነው። ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ እጫረታለሁ።

በማግሥቱ የተጨመረ። ተሸነፍኩ። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እየመራሁ ነበር። ሰሞኑን እዚህ ሰው ሁሉ ለዓለም ዋንጫ ይጮሃል፤ እኔ ለሹራብ ማሽን ጋሪ ጥፍሬን በላሁ። ስድስት ሰከንድ ሲቀር አንዱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በአሥራ አራት ፓውንድ ነጠቀኝ። ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ይወጣል አሉኝ። እስከ ስንት ልድረስ? ሃንድሊንጉንስ ልክፈል? ይጻፉልኝ።

የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ። ልጅዎ ነቢል።


አቃቂ ቃሊቲ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለነቢል፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዝናቡ መንገዳችንን ጭቃ ከማድረጉ በቀር ሁላችንም በሰላም አለን። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ጋሪዋ መኖሯን ስሰማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እናትህን እያስነሳሁ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት።

ከዚያ ነገሩን ለሚያውቅ ላማክር ብዬ ጎረቤታችንን ጋሽ ወልደየሱስን ጠራሁት። ከጉምሩክ ጨረታ ዕቃ እያነሳ መሸጥ ከጀመረ ይኸው አሥር ዓመቱ፤ ጨረታ ማለት እሱ ነው። ያንተን ጨረታ ሲሰማ ግን ራሱን ያዘ። ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ስንት አስያዘ? ዋጋውን አሽጎ ያስገባው በስንት ፖስታ ነው? ፖስታው ሲከፈት ተጫራቾች ነበሩ ወይ? ይልሃል። ስድስት ሰከንድ ሲቀር የገባ ተጫራች ደግሞ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ እንደመጣ ስለሚቆጠር አቤቱታ አስገባ ብሎሃል። እኔ መልእክት አድራሽ ነኝ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ሃንድሊንግ ያልከው ነው። የጋሽ ወልደየሱስ ልጅ እየሩሳሌም የአሥረኛን ፈተና ጨርሳ ቤት ነች። «ሃንድ ማለት እጅ ነው» አለች። አባቷ ወዲያው «እጅ መንሻ ነዋ» አለ። ለአንድ ፓውንድ ዕቃ ሠላሳ ስምንት ፓውንድ ሲጠየቅ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኔ እንግሊዞቹ ከዚህ ነገር የጸዱ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ እነሱ በጽሑፍ አውጥተው ነው የሚጠይቁት።

ስማኝ ነቢል። መላኪያውን ክፈል። እጅ መንሻውን ግን አንድ ሳንቲም እንዳትሰጥ። ሰጪውም ተቀባዩም እሳት ውስጥ እንደሆኑ ታውቃለህ። የሰባት ዓመት ልጆች የሚለብሱትን ሹራብ በጉቦ በመጣ ጋሪ አልሠራም። ያንን ገንዘብ የሚቀበል እጅ አላህ ያድርቀው።

አንድ ነገር ልጠይቅህና ልዝጋ። ቢሮህ ውስጥ ኮምፒውተር የለም እንዴ፣ ቤተ መጻሕፍት የምትሄደው?

አክስትህ ሐጀራ።


ሌስተር፣ ሐምሌ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩት እቴቴ ሐጀራ፣

ሰላምና ጤና ከርስዎ አይለይ። እንደምን ሰነበቱ?

የሆነውን ልንገርዎት፤ እስቃለሁም እበሳጫለሁም። ባለፈው ሰኞ አሸነፍኩ። ስድስት ፓውንድ። ይህኛዋ ጋሪ ከፊተኛዋ የጸዳች ናት፣ መርፌዎችም አሏት። ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቼ ያለ ምክንያት እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። ሺፒንግና ሃንድሊንጉ ሃያ ሁለት ፓውንድ ነበር። ልከፍል በተዘጋጀሁበት ጧት ደብዳቤዎ በሩ ሥር ገባ።

የርስዎን ቃል መቼ ጥሼ አውቃለሁ? ለሻጩ ጻፍኩለት። «የፖስታ ቤቱን እከፍላለሁ፤ ሃንድሊንግ ግን አክስቴ ሃይማኖቷ አይፈቅድላትም» አልኩት። ሰውዬው መልስ የሰጠኝ በሁለት መስመር ነው። ሽያጩን ሰረዘው። ከዚያም በስሜ ላይ፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ «ይህ ሰው ያሸነፈውን አይከፍልም» ብሎ ጻፈብኝ። ጋሪዋ በሦስተኛው ቀን ለሌላ ተሸጠች።

እቴቴ፣ ሃንድሊንግ እጅ መንሻ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በደንብ አላስረዳሁም። ዕቃው ሲሸጥ አንድ ሰው ካርቶን ይፈልጋል፣ በወረቀት ይጠቀልላል፣ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን ይጠቀጥቃል፣ በፕላስተር ያሽጋል፣ አድራሻ ይጽፋል፣ ተሸክሞ ፖስታ ቤት ይሰለፋል። የዚያ ሰው ድካም ዋጋ ነው ሃንድሊንግ የሚባለው። ተንኮለኛም አይጠፋም። ዕቃውን አንድ ፓውንድ ብሎ ገዢውን ይስብና ትርፉን መላኪያው ውስጥ ይደብቀዋል። የመጀመሪያው ሠላሳ ስምንት ፓውንድ እንደዚያ ነበር። ሃያ ሁለቱ ግን ተገቢ ዋጋ ነበር።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ ቢሉኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ስለ ኮምፒውተሩ ጠይቀውኛል፤ ላንቱ አልዋሽም። ቢሮ የለኝም። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሻጊ ነኝ። በቀን ሁለት መቶ ካርቶን በእጄ ያልፋል። ከረባቱ አብሮኝ ከሚኖረው ልጅ የተዋስኩት ነው። እናቴ ቢሮ ያለችው እኔ «የመላኪያ ድርጅት ነው የምሠራው» ስላልኳት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማረም አፈርኩ። እንግዲህ ይድረቅ ብለው የረገሙት እጅ የኔ ነው። ደብዳቤውን ያነበብኩትም ለሥራ ጓንቴን እንዳጠለቅሁ ነበር።

ለእናቴ አይንገሯት። እኔ ጋሪዋን መፈለጌን አላቆምም።

ልጅዎ ነቢል።


አቃቂ ቃሊቲ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ለነቢል፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤህን ተቀብዬ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ታክሲ ሳልይዝ በእግሬ ተመለስኩ። በመንገዴ ሁሉ እርግማኔን እንዲመልስልኝ አላህን ስለምን ነበር። እጅህ ይባረክ፣ ይለምልም፣ ከክፉ ይጠበቅ። የማይረባ ምላሴን ተከትዬ በልጄ እጅ ላይ እንዲያ ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደግሞ ይሄ ሃንድሊንግ «አያያዝ» ማለት ነው አትለኝም ነበር? ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ሲባል ያደግኩ ሴት አያያዝ ዋጋ እንዳለው አጣዋለሁ? እኔ ራሴ ሹራብ አጥፌ ሳስረክብ የሚያልፈውን ሰዓት አውቃለሁ፤ አስከፍዬበት ግን አላውቅም። ጋሽ ወልደየሱስን ጠርቼ ነገርኩት። «እንግዲያው እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ሃንድሊንግ ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት» ብሎ ከነጋ እንደተከዘ ነው።

ያ የተንኮለኛው ነገርማ ለኔ አዲስ አይደለም። ሽንኩርቱን አርክሶ በሚዛኑ የሚመልስ ስንት አለ። አንተ ልጅ ነህና ዋጋውን ለይተህ ስታይ ትደሰታለህ። የነጋዴ ዓይን ግን ድምሩን ነው የሚያየው። ከነ መላኪያው ከነ አያያዙ ስንት ገባ? እሱን ጠይቅና ከሌላው ጋር አስተያይ።

አሁን ምክሬን ስማ። ጋሽ ወልደየሱስ ከጉምሩክ ሲያሸንፍ ማንም አያመጣለትም። ራሱ አይሱዙ ይዞ ሄዶ ከግቢው ያነሳል። አንተስ ለምን ሄደህ አታነሳም? ሻጩ እኮ እዚያው አገርህ ነው ያለው። እግር አለህ። ማሸጉን ደግሞ ካንተ የሚበልጥ ማን አለ?

ቶሎ በል ነቢሌ። ወይዘሮ አሰለፈች ትናንት ሱቄ መጣች። ተቀምጣ ማሽኗን አየቻት። ስትወጣ «መስከረም ስምንት ሠላሳውን ካላየሁ እቴ ሐጀራ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች። ሰማያዊውን ክር ገዝቼ በማዳበሪያ አስቀምጬዋለሁ፤ ማሽን የሌለው ክር ምን ይሠራል።

ለእናትህ አልነገርኳትም። ግን ደብዳቤህን የማነብላት እኔ ነኝ፤ ያቺን ገጽ ዘልዬ ሳነብ «ዛሬ አጭር ጻፈ» አለችኝ። እሱ ከማሽኑ በላይ ከብዶኛል።

አክስትህ ሐጀራ።


ሌስተር፣ ነሐሴ 26 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩት እቴቴ ሐጀራና ለውድ እናቴ ዙለይኻ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ደብዳቤ ለሁለታችሁም ነው። እቴቴ፣ እባክዎ አንዲት መስመር ሳይዘሉ ያንብቡላት።

ጋሪዋ እጄ ገባች። በርስዎ ምክር ነው የገባችው። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ጨረታውን ስከፍት «አይላክም፣ ገዢው ራሱ መጥቶ ይውሰድ» የሚል አገኘሁ። እንዲህ ያለውን እኔም እስከዛሬ ሳላይ አልፈው ነበር። ሰው ሁሉ እንደኔ አልፎት ኖሮ አንድም ተጫራች አልነበረም። አንድ ፓውንድ ሰጠሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ስድስት ሰከንድ ሲቀር የሚመጣውን ያንን ሰው ስጠብቀው ሰነበትኩ፤ አልመጣም። አንድ ፓውንድ፣ እቴቴ። ሺፒንግ የለ፣ ሃንድሊንግ የለ።

ቅዳሜ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ሄድኩ። ሻጯ ሸምገል ያለች ሴት ናት፤ ለልጅ ልጆቿ ሹራብ ስትሠራ ኖራ አሁን ጣቷ እምቢ ብሏታል። የዘጠናዎቹን ልጆች ነገር ስነግራት ተነስታ ጓዳ ገባችና ሃምሳ አዳዲስ መርፌ ጨመረችልኝ። ገንዘብ ልስጥሽ ብላት እንደ ስድብ ቆጠረችው። ጋሪዋን በባቡር ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት። ሰው አየኝ አላየኝ ግድ አልነበረኝም፤ እየሳቅኩ ነበር።

እማዬ፣ አሁን ላንቺ ነው። እኔ ቢሮ አልሠራም። መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያሸግኩ ነው የምኖረው፤ የምልክልሽም ከዚያ የማገኘውን ነው። መዋሸቴን ይቅር በይኝ። ይህንን ካርቶን በምሳ ሰዓቴ አሸግሁት። ሥራ ላይ ለአንድ ካርቶን ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጡን። ለዚህኛው ሙሉውን ምሳ ሰዓት ወሰድኩ፤ ጓደኞቼ «ለንጉሥ ነው እንዴ የምትልከው?» አሉኝ። መርፌዎቹን አሥር አሥር አድርጌ ጠቅልያለሁ። ስትከፍቱ ከላይ ቀስ በሉ።

ጌዲዮን የሚባል የአቃቂ ልጅ ሰኞ ይመጣል፤ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ሰጥቶኛል። ስለዚህ መላኪያ የምትከፍሉት የለም፤ ምሳ ብቻ አብሉት።

ልጃችሁ ነቢል።


አቃቂ ቃሊቲ፣ መስከረም 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጃችን ለነቢል፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ፤ ረመዳኑንም በሰላም ያድርሰን። ጌዲዮን ደግ ልጅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጨምረንለት በላ።

መጀመሪያ ደብዳቤውን አነበብኩላት። እንዳልከኝ አንድም አልዘለልኩም። ሳነብላት ሁልጊዜ የምታቋርጠኝ እናትህ ያን ቀን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ «ያን ቦታ ድገሚልኝ» አለች። የቱን ስላት «ምሳ ሰዓቱን» አለች። ደገምኩላት። «ታዲያ ምሳ ሳይበላ ዋለ?» ብላ ተነስታ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ ወልደየሱስ ቢላዋ ሰጣት፤ መለሰችለት። ፕላስተሩን ከዳሩ በጥፍሯ እያነሳች ሳትቀድ ላጠችው። ወረቀቱን እያንዳንዱን አቃንታ አጥፋ ጎኗ ደረደረች። የመርፌዎቹን ጥቅል አንድ በአንድ ፈታች። እኔ ጋሪዬን ለማየት ነፍሴ ልትወጣ ደርሳለች፤ እሷ ደግሞ ካርቶኑን ነው የምታየው። «እንዴት አድርጎ ነው ያጠፈው?» እያለች ወረቀቱን መልሳ ታጥፈዋለች፣ ትፈታዋለች። አለቀሰችም። ያስለቀሳት ውሸትህ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ይሄን ያህል ዓመት ብቻውን ማፈሩ ነው» አለችኝ።

ጋሪዋ ልክ ገባች፤ አንድ ፀጉር ታህል እንኳ አልጎደለችም፣ አልተጫረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኗ አላረፈችም። መብራት ሲጠፋም እሷ በእጅ የምትገፋ ናትና በመስኮት ብርሃን ሠራን። መስከረም ስድስት ሠላሳኛውን ጨረስኩ። በማዳበሪያ ከትቼ ልወስድ ስል እናትህ አልፈቀደችልኝም። ያንተን ወረቀቶች አወጣች። ሹራቦቹን አሥር አሥር አድርጋ አንተ እንዳጠፍከው አጠፈቻቸው፣ ጠቀለለቻቸው፣ በካርቶንህ አሸገቻቸው። ቀኑን ሙሉ ፈጀባት። ሁለተኛውን ጥቅል ሦስት ጊዜ አፍርሳ ሠርታዋለች።

ትናንት ሁለታችን ይዘን ሄድን። ወይዘሮ አሰለፈች ካርቶኑን ከፍታ ገና ሹራቡን ሳትነካ «እንዲህ ታሽጎ የመጣልኝ ዕቃ የለም። ማን ነው ያሸገው?» አለች። ቀሪውን ስልሳም፣ የሚመጣውንም ዓመት ከዚያ በኋላ ነው የሰጠችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እናትህ ቀደመችኝ። ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«ልጄ እንግሊዝ አገር የሚሠራው ይሄንን ነው» አለቻት።

አክስትህ ሐጀራ።